ሩዙ ምን ያህል ነው?

ከእኔ እንደ ሰማችሁ አታውሩ እንጂ፣ ማታ ማታ አየር ጤናና ዓለም ባንክ ሱቆች በር ላይ በፌስታል ተደርድሮ የምታዩት ነጭ እንጀራ ሁሉ ማኛ ጤፍ አይደለም። እኛ የኮልፌ ጋጋሪዎች ለእህል በረንዳ ቅርብ ነን፤ ጤፉንም ሩዙንም ከዚያው እናመጣና አንድ ላይ እናስፈጫለን። ባለ ወፍጮው አይጠይቅም፣ እኛም አንናገርም። ደንበኛው ነጭ፣ ዓይናማና ርካሽ ይፈልጋል። ሦስቱን በጤፍ ብቻ እስቲ አሟሉ!

ሩዝ መቀላቀል እኛ የፈጠርነው ነገር አይደለም። ጣና ዳር፣ ክረምት ውሃ በሚተኛበት የፎገራ ሜዳ፣ ገበሬው ራሱ ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ ይጋግረዋል። እዚያ የታወቀው «ኤክስ ጅግና» የሚባል ዝርያ በደርግ ጊዜ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች የገባ ነው፤ ስሙንም ያገኘው ደራ ወረዳ ካለችው ጅግና ነው። መቀላቀሉ ነውር የለበትም። በጤፍ ዋጋ መሸጡ ግን አለበት።

ዋናው ምስጢር አብሲቱ ላይ ነው። ሩዝ የበዛበት ሊጥ እርስ በርሱ አይያያዝም። ባለሙያዋ ከቦካው ሊጥ ትንሽ ቀንሳ በፈላ ውሃ ታማስልና፣ ለብ ሲል ወደ ቡሃቃው ትመልሰዋለች። የበሰለው ዱቄት ውሃ ይይዛል፣ ሊጡን ያያይዛል፣ እርሾውንም ያነቃቃል። የሚቸኩሉት ይህን ዘለው ቤኪንግ ፓውደር ይነሰንሳሉ። ዓይን ያወጣል፤ ጣዕሙን ግን እናንተው ፍረዱ።

ህንዶች እዚሁ ቦታ በሌላ መንገድ ደርሰዋል። ዶሳ የሚሉት ስስ ቂጣ ከቦካ ሩዝና ጥራጥሬ ይጋገራል፤ አብሽም ጣል ይደረግበታል። ብዙዎቹ ሊጡን ሲፈጩ እፍኝ ጠፍጣፋ ሩዝ ይጨምሩበታል። ፖሃ ይባላል። ሩዙ ከነገለባው በሙቅ ውሃ ተዘፍዝፎ ይቆላል፤ ከዚያ ተቀጥቅጦ ወይም ተዳምጦ እንደ ወረቀት ይሳሳል። እሳት አስቀድሞ ስለነካው ረጅም ማብሰል አይፈልግም፤ ለቁርስ በውሃ ለቅለቅ አድርገው በሽንኩርት፣ በእርድና በሰናፍጭ ፍሬ ያቁላሉታል። ዶሳው ሊጥ ውስጥ ሲገባ ደግሞ የአብሲትን ሥራ ይሠራል፤ ያለሰልሳል። አብሲት በደረቁ ገበያ ወጥቶ ሲሸጥ ማለት ነው! ከቤኪንግ ፓውደሩስ ይሄ በተሻለን ነበር። ግን የራሳችን እያለን ምን ገንዘብ ያስወጣናል? የሚጠይቀው ትንሽ እሳትና ትዕግሥት ነው፤ ትዕግሥቱ ነው የጠፋው።

እናንተ በምን ትለዩታላችሁ? ዕለቱን አትልፉ፣ ትኩሱ ሁሉ ልስልስ ነው። አሳድሩት። ሩዝ ሲቀዘቅዝ ከጤፍ ቶሎ ይጠነክራል፤ በማግሥቱ ስትጠቀልሉት ከተሰባበረ፣ ወይ ሩዙ በዝቷል ወይ አብሲቱ ተዘሏል። ሻጯን «ጤፍ ብቻ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ አዎ ትላችኋለች። «እትዬ፣ ሩዙ ምን ያህል ነው?» በሏት። የውስጥ ሰው መስላችሁ ስለምትታዩ፣ ወይ ከሥር ያለውን ታወጣላችኋለች፣ ወይ ዋጋውን ትቀንሳለች።