ኔጋቲቭ ቁጥር በእግር
መምህራን፣ «ከ3 ላይ 5 ሲቀነስ ስንት ይሆናል?» ብላችሁ ክፍሉ ጭጭ ካለ ጠመኔ አንሱ። ወለሉ ላይ ከኔጋቲቭ 5 እስከ 5 የቁጥር መስመር አስምሩ። አንድ ተማሪ 3 ላይ ይቁምና አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ይሂድ። ኔጋቲቭ 2 ላይ ታገኙታላችሁ። ከዜሮ ወዲያም ቁጥር እንዳለ በእግሩ ረግጦ አየው ማለት ነው።

በእንቅስቃሴ አስተምሩ ስል እንቅልፍ ማባረሪያ ጭብጨባ ማለቴ አይደለም (እሱም ክፋት የለውም)። እንቅስቃሴው ራሱ ትምህርቱን መሸከም አለበት። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲዋ ሱዛን ጎልዲን ሚዶው ከባልደረቦቻቸው ጋር ባደረጉት ጥናት፣ የሒሳብ እኩልታ ሲማሩ ትክክለኛውን የእጅ ምልክት እንዲያሳዩ የተደረጉ ልጆች የበለጠ ተምረዋል። ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያን አቋቋም ተማሪ ዝማሜን የሚማረው መቋሚያ ይዞ፣ በመላ ሰውነቱ ነው።

«60 ልጅ በታጨቀበት ክፍል የት እንንቀሳቀስ?» ትሉኛላችሁ። እውነታችሁን ነው። ተቀምጠውም ይሆናል፦ 45፣ 90 እና 180 ዲግሪን በክንዳቸው ያሳዩ። ስህተቱን ከሰሌዳው ስር ሆናችሁ በአንድ አፍታ ታዩታላችሁ።

ወዲያው ደግሞ ያንኑ ደብተራቸው ላይ ይሥሩት፤ ይህን እንዳትዘሉ።