ጧፉ ሳይጠፋ አንተኛ

በሐሙሲት አቅራቢያ በአንድ ገበሬ ቤት ተቀምጬ አስተምር ነበር። አንድ ማታ ለነገ ትምህርት ስዘጋጅ ጧፍ አበራሁ። ጧፉንም ምሰሶው ላይ ለጠፍሁት። ደክሞኝ ነበርና ደብተሬን እንደያዝሁ እንቅልፍ ወሰደኝ።

የነቃሁት የቤቱ እመቤት ሲጮሁ ነው። ጧፉ ከምሰሶው ተላቆ መደቡ ላይ ወድቋል። የጋቢዬ ጫፍ ይጨሳል። እሳቸው ጋቢውን ጎትተው መሬት ላይ ጣሉና ረገጡት። ከበላዬ የሣር ክዳን ነው። ከጎኔ ሁለት ልጆች ተኝተዋል።

«ልጄ፣ ፊደሉን አንተ ታስተምረናለህ። ይህን ግን ከእኔ ተማር። ጧፍ ብቻውን አይተውም» አሉኝ።

አፈርሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ከእሳቸው የተማርሁትንና ከመጽሐፍ ያነበብሁትን ነው።

ጧፍ እንዴት ይነዳል?

ጧፍ የጥጥ ፈትልና ሰም ነው። ሰሙን የሚሠራው ንብ ነው። የሱቅ ሻማ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከድፍድፍ ነዳጅ በሚወጣ ሰም ይሠራል። ሁለቱም የሚነዱት በአንድ መንገድ ነው። እሳቱ ሰሙን ያቀልጣል። ፈትሉ የቀለጠውን ሰም ወደ ላይ ይስበዋል። ሰሙ እላይ ሲደርስ ይተናል። የሚነደው ይህ ትነት ነው። ጧፉን እፍ ስንለው የምናየው ነጭ ጭስ ሳይነድ የቀረ ሰም ነው። እ.ኤ.አ. በ1860 መጨረሻ ማይክል ፋራዳይ የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ በለንደን ከተማ ስለ ሻማ ለወጣቶች ማስተማር ጀመረ። ስለ ሻማ ብቻ ስድስት ትምህርት ሰጠ!

ስናበራ ምን እናድርግ?

1. ጧፍን ምሰሶ ወይም ግድግዳ ላይ አንለጥፍ። ሰሙ ሲሞቅ ይላላል፤ ጧፉም ይወድቃል። አሸዋ በሞላ የሸክላ ዕቃ እንትከለው። ቢወድቅም አሸዋ ላይ ይወድቃል።

2. ከሣር ክዳን፣ ከገለባ፣ ከልብስና ከላምባ እናርቀው። ነፋስ ከሚገባበት በርም እናርቀው።

3. የሻማው ክር ከገብስ ፍሬ ቁመት ሲበልጥ እንቁረጠው። ክር ሲረዝም ነበልባሉ ያድጋል፣ ጥላሸትም ይበዛል።

4. ልጆች ብቻቸውን ባሉበት ቤት ጧፍ አብርተን አንውጣ። እንቅልፍ ከመጣ ግን ንባቡ ለነገ ይቆይ። ጧፉን አጥፍተን እንተኛ።

የተረፈውን ጧፍ በጨርቅ ጠቅልለን ፀሐይ በማይደርስበት ቦታ እናስቀምጥ። ሲቆይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ቢያወጣ አልተበላሸም። በጨርቅ ቢያብሱት ይለቃል።

ጧፍ ስንሠራ

የንብ ሰም የሚቀልጠው በ62 እና በ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ነው። ውሃ ከመፍላቱ በፊት ይቀልጣል ማለት ነው። ስለዚህ የሰሙን ዕቃ በቀጥታ እሳት ላይ አንጣድ። በትልቅ ድስት ውሃ እናሙቅና የሰሙን ዕቃ በውሃው ውስጥ እናስቀምጥ። ሰሙ ከተቀጣጠለ ውሃ አንጨምርበት! ውሃው በድንገት ይተንና የሚነደውን ሰም ይረጨዋል። በክዳን ከድነን እሳቱን እናፍነው።

ሰው ቢቃጠል

ልብሱ ከተያያዘ አይሩጥ። ሩጫ እሳትን ያራግባል። መሬት ላይ አስተኝተን እናንከባልለው፤ ወይም በወፍራም ጋቢ እንሸፍነው። የተቃጠለውን ገላ ለ20 ደቂቃ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ እናፍስስበት። ቅቤ፣ ጭቃ ወይም አመድ አንቀባ፤ ቁስሉ ያመረቅዛል። ቁስሉ ሰፊ ከሆነ፣ ፊት ላይ ከሆነ ወይም የተቃጠለው ሕፃን ከሆነ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰድ።

ያቺ ጋቢ ጫፏ እንደተቃጠለ ዛሬም አለች። አልጣልኋትም። ማታ ስለብሳት የእመቤቲቱ ቃል ትዝ ይለኛል።

ለውይይት
1. በቤታችሁ ጧፍ የሚቆመው የት ነው?
2. በተቀጣጠለ ሰም ላይ ውሃ የማንጨምረው ለምንድን ነው?
3. ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችል ጎረቤት ማን ያነብለታል?