የተረኛው ሐኪም እንቅልፍ የማን ሐቅ ነው?

ውድ አድማጮቻችን፣ የዛሬው ዝግጅታችን ሌሊቱን በሆስፒታል ሲያክሙ የሚያድሩ ወንድሞችና እህቶቻችን ድካማቸውን አሸንፈው ኃይላቸውን እንዴት መመለስ እንደሚችሉ ይመለከታል። «እኛ ሐኪም አይደለንም፣ ምን አገባን?» የሚል ካለ ጥቂት ይታገሠን፤ ነገሩ ሐኪሙን ብቻ ሳይሆን የሐኪሙንም ቤት ይመለከታልና።

ጠዋት ሥራ ገብቶ ሌሊቱን ተረኛ ሆኖ ያደረ ሐኪም በማግስቱ ጠዋት ሲወጣ 24 ሰዓት ሞልቶታል፤ የሕሙማን ጉብኝት ከተጨመረበት ወደ 30 ይጠጋል። በሥልጠና ላይ ያሉት ኢንተርኖችና ሬዚደንቶች ይህን በደንብ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት፣ ለ24 ሰዓት ያህል ያልተኛ ሰው ቅልጥፍና በደሙ ውስጥ 0.10 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር የሚቀራረብ መሆኑን አሳይቷል። በሕይወቱ ኸምር ቀምሶ የማያውቅ ሐኪም፣ በእንቅልፍ ማጣት ብቻ እንደ ሰከረ ሰው ሆኖ በሽተኛ ፊት ሊቆም ይችላል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ የታተመ ሌላ ጥናትም፣ በአንድ ጊዜ 24 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠሩ ጀማሪ ሐኪሞች ሰዓታቸው ከተቀነሰበት ጊዜ ይልቅ 36 በመቶ የሚበልጥ ከባድ የሕክምና ስሕተት መፈጸማቸውን አረጋግጧል።

ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰላት ላይ ሳለ እንቅልፍ የተጫጫነው ሰው እንቅልፉ እስኪለቀው እንዲተኛ አዘዋል። ምክንያቱም ምሕረት የለመነ መስሎት ራሱን ሊራገም ስለሚችል ነው። በሱና ሰላት እንዲህ ከሆነ፣ የሕፃን መድኃኒት መጠን የሚያሰላውን ሐኪም ምን እንበለው? ሰልማን (ረ.ዐ.) ለአቡ ደርዳእ (ረ.ዐ.) ጌታህም፣ ነፍስህም፣ ቤተሰብህም ሐቅ አላቸው ብሎ ሲመክረው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እውነቱን ነው ብለዋል። በሐኪም ላይ ደግሞ የበሽተኛው ሐቅ ይጨመራል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ወደ አዳር ሥራ ከመግባት በፊት ቀን መተኛት ይጠቅማል፤ ቀይሉላ ሰሃቦች የሚያዘወትሩት ነበር። በሌሊቱም መሐል ፋታ ሲገኝ 20 ደቂቃ ማሸለብ አእምሮን ያድሳል። ግን ከእንቅልፍ እንደተነሡ ወዲያው ትእዛዝ መጻፍ አይገባም፤ ውዱእ አድርጎ፣ ጥቂት ቆይቶ፣ ጭንቅላት ሲጠራ ነው። ሰውነት የቡናን ካፌይን ግማሹን ለማስወገድ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት የተጠጣው ቡና ጠዋት 4 ሰዓት ላይም ግማሹ ገና በደም ውስጥ ስላለ የጠዋቱን እንቅልፍ ይነሣል። ለንቃት ብለው ጫት የሚቅሙም አሉ፤ ጫት ድካሙን ይደብቀዋል እንጂ አያወጣውም። ከአዳር በኋላ መኪና ከመንዳት ታክሲ መያዝ ይሻላል።

ብዙ ሐኪሞች ከመንግሥት ሆስፒታል ወጥተው በቀጥታ ወደ ግል ክሊኒክ ይሄዳሉ። ስግብግብነት ነው ብለን አንፈርድባቸውም፤ ደመወዙን እናውቃለን። ሆኖም ክሊኒክ ያላችሁ ወንድሞች፣ ያልተኛ ሰው መሆኑን እያወቃችሁ በሽተኛ ፊት አታስቀምጡት። በአሜሪካ እንኳ የሠልጣኝ ሐኪሞች ሥራ በሳምንት ከ80 ሰዓት እንዳይበልጥ የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው።

በቂ ተኝቶም ድካሙ የማይለቀው፣ በሽተኛ ማየት የሚያስጠላው ሐኪም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዓይነቱን መዛል እ.ኤ.አ. በ2019 ከሥራ ጋር የተያያዘ ችግር ብሎ መድቦታል። «ኢማንህ ደክሞ ነው» እያልን ከማሸማቀቅ፣ ለሥራ ባልደረባው ወይም ለባለሙያ እንዲናገር እናበረታታው።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ልጃችን ዶክተር በመሆኑ እንኮራለን፤ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ግን ጎረቤት የመድኃኒት ማዘዣ ይዞ ይጠብቀዋል፤ አክስት የደም ግፊቷን ታስለካለች፤ ስልኩም ይጮኻል። ለቅሶ ቀረ ብለንም እንቀየማለን። ሐኪሟ ሚስት ወይም እናት ስትሆን ደግሞ ይብሳል፤ ከአዳር ተመልሳ ያልታጠበ ዕቃና ያልተሠራ ምሳ ይጠብቃታል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) እንደነገሩን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤታቸው ሲሆኑ ቤተሰባቸውን ያገለግሉ ነበር። እርሷ ስትተኛ ባል ሕፃኑን ይዞ ቢወጣ ምን ይጎድለዋል? ሱብሒን ሰግደው ከመጡ መስኮቱን በወፍራም መጋረጃ አጨልሙላቸው፤ ስልኩን ተቀበሏቸው፤ ለእንግዳው ተኝተዋል በሉት። ለዙህር ብትቀሰቅሷቸው ይበቃል።