እግዚአብሔርን መናፈቅ እንደ መንፈሳዊ ዕድገት መንገድ

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ እግዚአብሔርን መናፈቅ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ውስጥ ምን ስፍራ እንዳለው ለማስረዳት፤ ቀጥሎም ትምህርቱ ከገዳም ርቆ በሥራ ተጠምዶ ለሚኖር ምእመን የሚጠቅም መሆን አለመሆኑን ለመመርመር ነው። ለምርመራው ምሳሌ የሚሆነን የአርሲ ክፍል፤ በተለይም ከአሰላ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ደጋው ወደ አዋሽ ሸለቆ በሚያዘቀዝቅበት በኩል የሚገኘው የአቦምሳ ከተማ ነው። በዚያ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ገበያ እየተገናኘ ጎን ለጎን ይኖራል። ገበሬው፣ ነጋዴውና መምህሩ መነኩሴ ሊሆን አይችልም። እንግዲህ ጥያቄው «ለእንዲህ ያለው ሰው የናፍቆት መንገድ ተከፍቶለታል ወይስ ተዘግቶበታል?» የሚል ነው።

1. ስለ ቃሉ

በቅድሚያ ቃሉን መመልከት ይጠቅማል። በአማርኛ «ናፈቀ» ማለት የራቀውን ወዳጅ ለማየት ተመኘ ማለት ነው። በግዕዝ ግን ያው ግሥ ተጠራጠረ፣ ልቡ ተከፈለ ማለት ነው፤ «መናፍቅ» የሚለውም ቃል የወጣው ከዚሁ ነው። የሁለቱ ትርጉም ተቃራኒ ይምሰል እንጂ አንድ የጋራ ነገር አላቸው፤ ይኸውም የልብ መከፈል ነው። የሚናፍቅ ሰው አካሉ በአንድ ስፍራ፣ ልቡ በሌላ ስፍራ ነውና። በአንጻሩ ግዕዙ ምኞትን ሁሉ «ፍትወት» ሲለው፣ አማርኛችን ቃሉን አጥብቦ ለሥጋ ምኞት ብቻ ሰጥቶታል። ከዚህ የምንረዳው ምኞት በራሱ ክፉ አለመሆኑን፤ ክፉም ደግም የሚያደርገው የሚሄድበት አቅጣጫ መሆኑን ነው።

2. ናፍቆትን የሚያስተምር ሥርዓት

ብዙ ሰው ናፍቆትን በድንገት የሚመጣ ስሜት አድርጎ ይገምተዋል። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ግን ናፍቆትን በልማድ እንደሚሠራ ነገር ይቈጥረዋል። ለዚህም ሁለት ማስረጃ እናቀርባለን።

አንደኛው የዳዊት ንባብ ነው። መዝሙረ ዳዊት ለሳምንቱ ቀናት ተከፍሎ ይጸለያል፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150። ነፍስን ውኃ በተጠማ ዋላ የሚመስለው መዝሙር 41 ማክሰኞ፣ የጥማትን ነገር የሚያነሣው መዝሙር 62 ረቡዕ፣ የእግዚአብሔርን ማደሪያ የሚናፍቀው መዝሙር 83 ሐሙስ ይውላሉ። እንግዲህ ዳዊት ደጋሚ ቢሻው ባይሻው፣ ልቡ ቢሞቅ ቢቀዘቅዝ፣ በየሳምንቱ ሦስት ቀን ያህል የናፍቆትን ቃል በአፉ ይዞ ይውላል ማለት ነው።

ሁለተኛው ጾም ነው። ከኅዳር 15 ቀን እስከ ልደት ዋዜማ የሚጾመው ጾመ ነቢያት ነቢያት የክርስቶስን መምጣት በተስፋ መጠበቃቸውን የሚያሳስብ ነው። ከታኅሣሥ 7 ቀን ጀምሮ ያሉት እሑዶችም ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ እየተባሉ የዚያን ዘመን ናፍቆት ያስታውሳሉ። ሆድ ሲራብ ነፍስም የጎደላትን ታውቃለች። ረኃቡ ግን ወደ ጸሎትና ወደ ምጽዋት ካልመራ የምግብ ለውጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

3. የደብረ ጽዮን ምሳሌ

በዚሁ ጾም የመጀመሪያ ሳምንት፣ ኅዳር 21 ቀን፣ የጽዮን ማርያም በዓል ይከበራል። ይህ በዓል በአርሲ ምዕራባዊ ዳርቻ በዝዋይ ሐይቅ ላለችው ለደብረ ጽዮን ደሴት ልዩ ትርጉም አለው። ደሴቲቱ ቱሉ ጉዶ ትባላለች፤ በሐይቁ ካሉት ደሴቶችም ትልቋ ናት። በአካባቢው ትውፊት መሠረት በዮዲት ዘመን የአክሱም ታቦተ ጽዮን ወደዚያ ተወስዶ ተሸሽጎ ቈይቷል። የደሴቶቹ ነዋሪ የዛይ ሕዝብ የራሱ ሴማዊ ቋንቋ ያለው ሲሆን፣ ከ16ኛው መቶ ዓመት ጦርነትና የሕዝብ እንቅስቃሴ በኋላ እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ ከሌላው ክርስቲያን ተነጥሎ ኖሯል። ቢሆንም ጥንታዊ የብራና መጻሕፍቱን ጠብቆ አቈይቷል።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ናፍቆት የሚያስቀምጠውና የሚጠብቀው ነገር እንደሚያስፈልገው ነው። መጽሐፍ፣ በዓል፣ ቤተ መቅደስ የሌለው ናፍቆት ከትውልድ ወደ ትውልድ አይተላለፍም። ከአቦምሳ ተነሥቶ በአሰላ በኩል ወደ ሐይቁ የሚወርድ ተሳላሚም በጉዞው ድካም የሚፈልገው ስፍራውን ብቻ አይደለም፤ ድካሙ ራሱ ፍላጎቱን ያጠራለታል።

4. የመጻሕፍተ መነኮሳት ትምህርት

ከአራቱ የትርጓሜ ጉባኤያት አንዱ የመነኮሳት ጉባኤ ነው። የሚተረጐሙትም ሦስት መጻሕፍት ናቸው፤ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ። ማር ይስሐቅ በ7ኛው መቶ ዓመት የነነዌ ኤጲስ ቆጶስ የነበረ ሲሆን፣ ከአምስት ወር በኋላ ሹመቱን ትቶ ወደ በረሓ የገባ አባት ነው።

ሊቃውንቱ የነፍስን ጉዞ በዐሥር መዓርጋት ይከፍሉታል። በንጽሐ ሥጋ ሦስት አሉ፤ ጽማዌ፣ ልባዌ፣ ጣዕመ ዝማሬ። በንጽሐ ነፍስ አራት አሉ፤ አንብዕ፣ ኵነኔ፣ ፍቅርና «ሑሰት» የሚባለው። በንጽሐ ልቡና ሦስት አሉ፤ ንጻሬ መላእክት፣ ተሰጥሞ፣ ከዊነ እሳት።

በዚህ መሰላል ናፍቆት ራሱን የቻለ አንድ መዓርግ ሆኖ አልተቈጠረም። ለምን ቢባል ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሸጋግረው ኃይል እርሱ ስለ ሆነ ነው ለማለት ይቻላል። በጽማዌ ሰው አንደበቱን ይገታል፤ በዝምታው ልባዌ፣ ማለት ማስተዋል፣ ይመጣለታል፤ አስተውሎ ሲጸልይ የዝማሬውን ጣዕም ያገኛል። የቀመሰ ሰው ደግሞ የጎደለውን ያውቃልና ወደ አንብዕ ይደርሳል። ናፍቆት ከመቅመስ በኋላ የሚበረታ መሆኑን ልብ ይሏል። በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው ጎርጎርዮስ ዘኑሲስም ስለ ሙሴ ሕይወት ሲጽፍ ተመሳሳይ ነገር ያስተምራል፤ ሙሴ ብዙ ካየ በኋላ እንኳ ክብርህን አሳየኝ ብሎ ለምኗልና፣ የእግዚአብሔር ፍቅር መጨረሻ የለውም፤ እያንዳንዱ ማግኘት ለሚቀጥለው ፍለጋ መነሻ ነው።

5. ሁለት አደጋዎች

የመጀመሪያው ናፍቆት ሲደርቅ ተስፋ መቍረጥ ነው። ማር ይስሐቅ እንዲህ ያለ የጨለማ ሰዓት በጸሎት ሰዎች ላይ እንደሚመጣ ያውቃል። ምክሩም ቀላል ነው፤ ሰው ከቻለ ያንብብ፣ ካልቻለም ልብሱን ተከናንቦ ሰዓቱ እስኪያልፍ ይተኛ፤ ከበዓቱ ግን አይውጣ። ለተማሪ ወይም ለነጋዴ በዓት ማለት የየዕለቱ ጸሎቱና ሥራው ነው።

ሁለተኛው ናፍቆትን ወደ ራእይና ወደ ተአምር ፍለጋ መለወጥ ነው። ንጻሬ መላእክት በስምንተኛው መዓርግ፣ ፍቅር ግን በስድስተኛው መቀመጡ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው። መምህራኑ ፍቅርን ሲተረጕሙ ጻድቅ ኃጥእ፣ አማኒ ኢአማኒ ሳይሉ ሁሉን አስተካክሎ መውደድ ነው ይላሉ። ይህን ሳያልፉ ወደ ላይ መዝለል አይቻልም።

6. መደምደሚያ

ከላይ እንደ ተመለከትነው መጻሕፍቱ ለመነኮሳት ቢጻፉም፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት መዓርጋት ለማንም ሰው ቅርብ ናቸው። አንደበትን መግታት፣ ማስተዋል፣ በማለዳ ዳዊት መድገም በአቦምሳ ገበያም ሆነ በኮሌጅ መኝታ ቤት ይቻላል። የናፍቆቱም እውነተኛነት በዋልድባ ብቻ የሚፈተን አይደለም። በአቦምሳ የሚኖር ክርስቲያን ከጸሎቱ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያገኘው ጎረቤቱን ነው፤ ጎረቤቱም ሙስሊም ሊሆን ይችላል። ሰላምታው፣ ሚዛኑና ለቅሶ መድረሱ ከጸሎቱ ጋር የማይስማማ ከሆነ ልቡ ተከፍሏል ማለት ነው፤ ያ ደግሞ በአማርኛው ሳይሆን በግዕዙ ትርጉም ናፍቆት ነው። ስለዚህ መንገዱ ለምእመኑ አልተዘጋም፤ የሚጀምረው ግን ሰው በቆመበት ስፍራ ነው።