ተባይን በትክክል መለየት የቁጥጥሩ መነሻ ነው፦ የክሎቨር ሥር ነቀዝና የኒውዚላንድ ተሞክሮ

እ.ኤ.አ. በ1996 በኒውዚላንድ ሰሜናዊ ደሴት በዋይካቶ ክልል የግጦሽ መሬት ላይ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ግራጫማ ቡናማ ነቀዝ ተገኘ። ተባዩ ከአውሮፓ የመጣ የክሎቨር ሥር ነቀዝ መሆኑ ሲረጋገጥ በሰፊ አካባቢ ተሰራጭቶ ስለነበር ከአገሪቱ ፈጽሞ የማጥፋቱ ዕድል አልፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ባሕር ተሻግሮ በደቡባዊው ደሴት መታየቱ ታወቀ።

ክሎቨር በአገራችን ደጋማ አካባቢዎች ማገጥ በሚል ስም ከሚታወቀው ባለ ሦስት ቅጠል የመኖ ተክል ጋር አንድ ወገን ነው። በሥሩ እባጮች ውስጥ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ አፈሩን ያዳብራል። የኒውዚላንድ የወተትና የበግ እርባታ በአብዛኛው የተመሠረተው ነጭ ክሎቨርና ሣር ተቀላቅለው በሚበቅሉበት ግጦሽ ላይ በመሆኑ፣ በተክሉ ላይ የሚደርሰው ጉዳት የመኖውን ጥራት ከመቀነሱም በላይ አርሶ አደሩን ለተጨማሪ የማዳበሪያ ወጪ ይዳርገዋል።

መለያ ምልክቶቹ

በአገራችን ነቀዝ ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚታወሰው በጎተራ ያለ እህል የሚያበላሸው ተባይ ነው። ይሁንና ነቀዞች ከ50 ሺህ በላይ ዝርያዎችን ያቀፈ የጢንዚዛ ቤተሰብ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ኑሯቸው በመስክ ላይ ነው። የጋራ መለያቸው ወደ ፊት የወጣውና ኩምቢ የሚመስለው የራሳቸው ክፍል ነው። የክሎቨር ሥር ነቀዝ ኩምቢ ግን አጭርና ሰፋ ያለ በመሆኑ በቀላሉ ላይስተዋል ይችላል።

ያደገው ነቀዝ የክሎቨሩን ቅጠል ከጠርዙ እየበላ ግማሽ ክብ የመሰሉ ጎድጓዳ ምልክቶችን ይተዋል። ዋናው ጉዳት የሚደርሰው ግን ከአፈር በታች ነው። ከእንቁላል የሚወጣው እግር አልባ ነጭ ትል በመጀመሪያ ናይትሮጅን የሚዘጋጅባቸውን የሥር እባጮች ይመገባል፤ እያደገ ሲሄድም ወደ ትልልቆቹ ሥሮች ያልፋል። በመሆኑም ከላይ የሚታየው የቅጠል መበላት ቀላል ቢመስልም፣ ተክሉ ከሥሩ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል።

በመለየት ሥራው ዋነኛው ችግር ተመሳሳይ ዘመዶች መኖራቸው ነው። በኒውዚላንድ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሚታወቀው የአልፋልፋ ነቀዝ በመጠንም ሆነ በቀለም ለክሎቨሩ ነቀዝ ቅርብ ነው። የአልፋልፋው ነቀዝ በደረቱ ላይ ሦስት ነጣ ያሉ መስመሮች ጎልተው የሚታዩበት ቢሆንም፣ በዕድሜ ብዛት ቅርፊቶቹ ሲረግፉ ይህ ምልክት ይደበዝዛል። ስለዚህ ባለሙያዎች የዓይኑን ቅርጽ፣ የቅርፊቶቹንና የፀጉሮቹን አቀማመጥ እንዲሁም የመራቢያ አካሉን በማይክሮስኮፕ ይመረምራሉ። አስፈላጊ ሲሆንም የዘረ መል ምርመራ ይደረጋል።

የስያሜ ጉዳይ

አንድ ዝርያ በሳይንስ ተገለጸ የሚባለው የአካሉ ዝርዝር ታትሞ ሲወጣና ለስያሜው መነሻ የሆነው ናሙና በቤተ መዘክር ሲቀመጥ ነው። ለአንድ ተባይ በተለያየ ጊዜ የተለያዩ ስሞች ከተሰጡት እንደ ደንቡ ቅድሚያ የሚያገኘው የቀደመው ነው። የክሎቨር ሥር ነቀዝ ዛሬ ሲቶና ኦብሶሌተስ ቢባልም፣ ለረጅም ጊዜ ሲቶና ሌፒደስ እንዲሁም ሲቶና ፍላቬሰንስ በሚሉ ስሞች ሲጠራ ቆይቷል። ይህን ያላወቀ ባለሙያ በአዲሱ ስም ብቻ መረጃ ቢፈልግ በቀደሙት ስሞች የታተሙትን ጥናቶች ሊያጣ ይችላል።

ከስም ያለፈ ፋይዳ

የመለየት ሥራ ፋይዳ በግልጽ የታየው ተባዩን በተፈጥሮ ጠላቱ ለመቆጣጠር በተደረገው ጥረት ነው። ኒውዚላንድ የአልፋልፋውን ነቀዝ ለመከላከል ሚክሮክቶነስ ኤቲዮፖይደስ የተባለችውን ጥቃቅን ተርብ እ.ኤ.አ. በ1982 ከሞሮኮ አስገብታ ነበር። ተርቧ እንቁላሏን በነቀዙ ሰውነት ውስጥ ትጥላለች፤ እንስቷ ነቀዝ ወዲያው መራባት ታቆማለች፤ የተርቧ ዕጭ ሲወጣም ነቀዙ ይሞታል። ይሁን እንጂ የሞሮኮዋ ተርብ በክሎቨሩ ነቀዝ ላይ ተመሳሳይ ውጤት አላስገኘችም።

ተመራማሪዎች በአውሮፓ ባካሄዱት ፍለጋ ከአየርላንድ የተገኘው የዚያው ዝርያ ወገን የክሎቨሩን ነቀዝ በሚገባ እንደሚያጠቃ ተረጋገጠ። ሌላው ሥጋት፣ የአውሮፓው ወገን ከሞሮኮው ጋር ከተዳቀለ የሚወለዱት ተርቦች ኃይላቸው መቀነሱ ነበር። የአየርላንዷ ተርብ ያለ ወንድ የምትራባ በመሆኗ ይህ ሥጋት ተወገደ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ ላይም በመስክ ተለቀቀች። ከዚያ ወዲህ በተርቧ የተጠቁ ነቀዞችን ለአርሶ አደሮች በማከፋፈል በሁለቱም ደሴቶች እንድትዛመት ተደርጓል።

ለዘርፉ ባለሙያዎች

ከ20 በላይ አገር በቀል የማገጥ ዝርያዎች ለሚገኙባት ኢትዮጵያም ተሞክሮው ትምህርት ይሰጣል። በየደረጃው የሚገኙ የዕፅዋት ጤና ባለሙያዎች እንግዳ ነቀዝ ሲያጋጥማቸው አንድ ብቻ ሳይሆን በርከት ያሉ ናሙናዎችን በአልኮል በተሞላ ትንሽ ጠርሙስ ቢያኖሩ ለምርመራ ያመቻል። የተገኘበት ቦታ፣ ቀን፣ የሰብሳቢው ስምና ከሁሉም በላይ ተባዩ ሲመገበው የነበረው ተክል በእርሳስ ተጽፎ ከናሙናው ጋር መቀመጥ ይኖርበታል፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይለቅቃልና። ይህ መግለጫ የሌለው ናሙና ዝርያው ቢታወቅ እንኳ ከየት እንደመጣና ምን እንደሚያጠቃ ስለማያመለክት፣ ለውሳኔ ሰጪው አካል የሚኖረው ጠቀሜታ አነስተኛ ነው።