ከዘ ሄግ የሕፃናት ሆስፒታል እስከ ጤፍ ማሳ

ዶክተር ቪለም ካሬል ዲከ እ.ኤ.አ. በ1936 በዘ ሄግ የዩሊያና የሕፃናት ሆስፒታል የሕክምና ዳይሬክተር ሆነው ሲሾሙ ገና 31 ዓመታቸው ነበር። ለሕክምና ከሚመጡላቸው ልጆች አንዳንዶቹ ሆዳቸው ተነፍቶ እጅና እግራቸው የሰለለ፣ ተቅማጣቸው አልቆም ያለ፣ የበሉት ገላቸው ላይ የማይታይ ነበሩ። ሕመሙ ሴሊያክ ይባላል። በዚያ ዘመን ብዙ ሕፃን ይገድል ነበር፤ ከምን እንደሚመጣ ግን የሚያውቅ አልነበረም። ኒውዮርክ ላይ ሲድኒ ሃስ የተባሉ ሐኪም ከ1924 ጀምሮ ዳቦ እየከለከሉ ሙዝ በማብላት ልጆችን ያሽሏቸው ነበርና፣ ብዙው ሐኪም መድኃኒቱ ሙዙ መስሎት ነበር።

ለዲከ ፍንጭ ከሰጧቸው ሰዎች አንዷ እናት ናት። ልጇ ዳቦ ሲቀርበት እንደሚሻለው ነገረቻቸው። ሥራ የበዛበት ሐኪም እንዲህ ያለውን ወሬ ሰምቶ ቢያልፈው አያስገርምም፤ ዲከ ግን ይዘውት ሄዱ። ጥቂት ልጆችን ለረጅም ጊዜ ተከታተሉ። ስንዴ እየከለከሉ፣ መልሰው እየሰጡ፣ ክብደታቸውን እየመዘኑ በወረቀት ላይ መስመር አሰመሩ። ስንዴ ሲነሳ መስመሩ ሽቅብ ይወጣል፤ ስንዴ ሲመለስ ቁልቁል ይወርዳል። ሐኪሙ ስንዴ የሌለበትን አመጋገብ በ1941 በደች ቋንቋ ጽፈው አሳተሙ። ጊዜው የጦርነት ነበርና ከኔዘርላንድስ ውጭ ያነበበው አልነበረም ማለት ይቻላል።

ከዚያ ረሃቡ መጣ። በመስከረም 1944 የባቡር ሠራተኞች አድማ ሲመቱ የጀርመን ጦር ወደ ምዕራብ ኔዘርላንድስ ምግብ እንዳይገባ ከለከለ። አምስተርዳም፣ ሮተርዳምና ዘ ሄግ በአንድ ላይ ተራቡ። ደቾች «የረሃብ ክረምት» በሚሉት በዚያ ወቅት የአንድ ሰው የቀን ራሽን ከ400 እስከ 800 ካሎሪ ድረስ ወረደ። ሕዝቡ የቱሊፕ አበባ ሥርና ስኳር የሚወጣበትን ሥር (ሹገር ቢት) ሳይቀር ቀቅሎ በላ። ዳቦ እንደ ልብ በማይገኝበት በዚያ ጊዜ ግን የዲከ የሴሊያክ ሕሙማን ሌላው ልጅ ሲከሳ እነሱ ተሻላቸው። ዳቦ ሲመለስ በሽታውም አብሮ ተመለሰ።

ከዚህ ተነስቶ ረሃብ ለጤና ይበጃል የሚል ሰው ካለ፣ አምስተርዳም ውስጥ የተደረገውን ሌላ ጥናት ይመልከት። እነ ቴሳ ሮዘቦም በዚያው ከተማ በቪልሄልሚና ሆስፒታል ከ1943 እስከ 1947 ባለው ጊዜ የተወለዱ 2,414 ሰዎችን በጉልምስናቸው ተከታትለዋል። እናቶቻቸው በእርግዝናቸው መጀመሪያ ወራት የተራቡባቸው ሰዎች ሲያድጉ የልብ ሕመም በዝቶባቸው ተገኝቷል። የዘ ሄጎቹን ልጆች ያሻላቸው እንግዲህ የአንድ እህል መጥፋት እንጂ ረሃቡ አልነበረም።

ዲከ በ1950 በኡትረኽት ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፋቸውን አቀረቡ። ከዚያም ከኬሚስቱ ቫን ደ ካመር እና ከሐኪሙ ቬየርስ ጋር ሆነው ጥፋቱን የሚያደርሰው የስንዴው ስታርች ሳይሆን ግሉተን የተባለው ፕሮቲን መሆኑን አሳዩ። ዛሬ የሚታወቀው ከዚያ ይሰፋል። በዘር የተጋለጠ ሰው ግሉተን ሲበላ የራሱ በሽታ ተከላካይ ኃይል ትንሹን አንጀት ያጠቃል። ምግብ የሚመጥጡት ጥቃቅን ጣት መሰል የአንጀት ክፍሎች ይጎዳሉ፤ ብረቱም ቫይታሚኑም ሳይመጠጥ ያልፋል። በአውሮፓ ከመቶ ሰው አንዱን ያህል ይይዛል። ገብስም ያው ነው። ስለዚህ በሶ፣ የገብስ ቆሎና ጠላ ለሴሊያክ ሕመምተኛ እንደ ዳቦ የተከለከሉ ናቸው።

ጤፍስ? መልሱ የመጣው ከዘ ሄግ ብዙም ከማይርቀው ከላይደን ነው። ፍሪትስ ኮኒንግ የሚገኙበት የላይደን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ቡድን 14 ዓይነት ጤፍ ወስዶ በሆድ ውስጥ እንደሚሆነው በኢንዛይም አላመው፤ ከዚያም ከሴሊያክ ሕሙማን አንጀት ከተወሰዱ የመከላከያ ሴሎች ጋር አገናኘው። ስንዴ ሲቀርብላቸው የሚቆጡት ሴሎች ለጤፉ ዝም አሉ። ውጤቱ በ2005 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን ወጣ። ለኢትዮጵያ ገበሬ ይህ ትልቅ ዜና ነው፤ ከላብራቶሪ የተገኘ ማስረጃ መሆኑን ግን መዘንጋት አይገባም።

ጤፍ በአውሮፓ ገበያ ሊፈለግ መሆኑን ቀድሞ ያየ አንድ የደች ኩባንያ ነበር። ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል በ2005 ከኢትዮጵያ ጋር የጥቅም ተካፋይነት ውል ፈረመ፤ በ2007 ደግሞ በጤፍ ዱቄት ላይ የአውሮፓ ፓተንት ተሰጠው። ፓተንቱ የተመሠረተው በአንድ መለኪያ ላይ ነው። ዱቄቱ በውሃ ተበጥብጦ ሲሞቅ ይወፍራል፤ በውስጡ አንድ ዘንግ እስኪሰምጥ የሚፈጀው ጊዜ በሰከንድ ይቆጠራል። እህሉ ከታጨደ በኋላ ሰንብቶ ሲፈጭ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ኩባንያው የእኔ ነው ያለው 250ና ከዚያ በላይ የሆነውን ነው። ታጭዶ ተከምሮ ሰንብቶ የሚወቃ ጤፍ ለሚያውቅ ሰው ይህን ፈጠራ ብሎ መቀበል ይከብደዋል። ኩባንያው በ2009 ከሰረ፤ ለኢትዮጵያም ከውሉ የረባ ገንዘብ አልደረሳትም። ፓተንቱ ግን ወደ ሌላ እጅ አልፎ ቆየ፤ አዲሱ ባለቤት ኤንሸንትግሬይን ቤክልስ የተባለውን ድርጅት ሲከስ ጉዳዩ ዘ ሄግ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ ኅዳር 21 ቀን 2018 (እ.ኤ.አ.) ፓተንቱ የፈጠራ ብልኀት የለውም ብሎ በኔዘርላንድስ ውስጥ ሻረው።

የቀረው ጥንቃቄ የቤት ነው። በአውሮፓ ሕግ «ከግሉተን ነፃ» የሚባል ምግብ በኪሎ ከ20 ሚሊግራም በላይ ግሉተን ሊኖረው አይገባም። ጤፉ ንፁህ ቢሆንም ስንዴና ገብስ ሲፈጭበት በዋለ ወፍጮ ካለፈ ከዚህ ወሰን ሊያልፍ ይችላል። በአምስተርዳምም ሆነ በሮተርዳም ያለች ባለሙያ እንጀራውን ለማርዘም የገብስ ወይም የስንዴ ዱቄት ብትቀላቅልበት፣ እርሾውንም ከተቀላቀለው ሊጥ ብታስቀር፣ ለሴሊያክ ሕመምተኛ የሚሆን እንጀራ አይደለም። ይህን ለደንበኛ በግልጽ መናገር ይገባል። የሴሊያክ ምልክት አለብኝ ብሎ የሚጠረጥር ሰው ደግሞ የደም ምርመራ ሳያደርግ ስንዴ መተው የለበትም፤ ስንዴ ከተወ በኋላ በሽታውን የሚያሳየው ፀረ እንግዳ አካል ከደሙ ስለሚቀንስ ምርመራው ሊያመልጠው ይችላል።