ያውቁ ኖሯል? ስም ገዝቶ ስም የሚሸጥበት ገበያ

ጉግል ዶት ኮም ለአንድ ደቂቃ ያህል የሌላ ሰው ንብረት ሆኖ እንደነበር ያውቁ ኖሯል? ሴፕቴምበር 29 ቀን 2015 ሌሊት፣ ሳንሜይ ቬድ የተባለ የጉግል የቀድሞ ሠራተኛ የኩባንያውን የዶሜን (የኢንተርኔት ስም) መሸጫ ገጽ ሲጎረጉር ስሙን ለሽያጭ ክፍት ሆኖ አገኘው። 12 ዶላር ከፈለ፤ ክፍያውም አለፈ። ጉግል ነቅቶ ሽያጩን ሰረዘና ለሰውየው 6,006 ዶላር ከ13 ሳንቲም ሸለመው። ቁጥሩን ዓይንዎን ጨፈን አድርገው ቢያዩት በላቲን ፊደል የተጻፈውን የኩባንያውን ስም ይመስላል። ቬድ ገንዘቡን ለበጎ አድራጎት እንደሚሰጥ ሲናገር ሽልማቱ እጥፍ ሆነ። (በዚህ ዓምድ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላል ተረታችን። የኢንተርኔት ስም ግን ከእድሳት ቀኑ በላይ አይውልም። ዶሜን "ገዛሁ" ይባላል እንጂ ነገሩ ከሊዝ መሬት ጋር ይቀራረባል፦ በአንድ ጊዜ ቢበዛ ለ10 ዓመት ይከፍላሉ፣ ካላደሱ ይለቃሉ። ማይክሮሶፍት እንኳ በ1999 የገና ሰሞን ፓስፖርት ዶት ኮም የተባለውን ስሙን ማደስ ረስቶ የሆትሜይል ተጠቃሚዎች ኢሜይላቸውን መክፈት አቅቷቸው ነበር። ችግሩን የፈታው ማይክል ቼኒ የተባለ ፕሮግራመር ነው። 35 ዶላሩን ከራሱ ኪስ ከፈለለት።

የመጀመሪያው የዶት ኮም ስም ሲምቦሊክስ ዶት ኮም ነው፤ ማርች 15 ቀን 1985 ተመዘገበ። በዚያ ዓመት ሙሉ የተመዘገቡት የዶት ኮም ስሞች ስድስት ብቻ ነበሩ። ዛሬ ከ150 ሚሊዮን በላይ ናቸው።

እስከ 1995 ድረስ ምዝገባ በነፃ እንደነበርስ? በዚያ ዓመት ነው የሁለት ዓመት ዋጋ 100 ዶላር ተብሎ የተቆረጠው። ዛሬ ዶት ኮምን የሚያስተዳድረው ቬሪሳይን ለመዝጋቢ ድርጅቶች የሚያስረክብበት ዋጋ ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ በዓመት 10 ዶላር ከ26 ሳንቲም ነው፤ እነሱ ትርፋቸውን ጨምረው ለእርስዎ ይሸጣሉ። "የመጀመሪያው ዓመት በ1 ዶላር!" የሚል ማስታወቂያ ሲያዩ ታዲያ ዓይንዎ የሁለተኛውን ዓመት ዋጋ ይፈልግ። ጀማሪ የሚከስረው እዚያ ላይ ነው።

ከእንግሊዝኛ ፊደላት ሦስት ሦስቱን እያገጣጠሙ 17,576 ስም መሥራት ይቻላል። በዶት ኮም ሁሉም ከተያዙ ቆይተዋል። ስለዚህ ጀማሪ አጭርና ያማረ ስም በ11 ዶላር አገኛለሁ ብሎ ሌሊቱን ባያነጋ ይሻላል።

ታዲያ ጥሩ ስም ከየት ይገኛል? ብዙውን ጊዜ ከረሺ ሰው እጅ። አንድ የዶት ኮም ስም ቀኑ ሲያልፍ ወዲያው አይሞትም። መዝጋቢው እስከ 45 ቀን ሊታገሠው ይችላል፤ ከዚያ የ30 ቀን የመዋጃ ጊዜ አለ፣ በዚህን ጊዜ ባለቤቱ ለማስመለስ ከእድሳቱ ብዙ እጥፍ ይጠየቃል፤ በመጨረሻም 5 ቀን ተቆልፎ ይቆይና ይለቀቃል። በሚለቀቅባት ቅጽበት የሚሻሙት ሰዎች አይደሉም፣ ለዚሁ የተሠሩ ፕሮግራሞች ናቸው። ደህና ደህናው ስም ደግሞ እስከዚያም አይደርስ፣ በትዕግሥቱ ወራት መዝጋቢው ራሱ ለጨረታ ያወጣዋል። በጨረታ ከመግባትዎ በፊት ስሙ ቀድሞ ምን ሲሠራበት እንደነበር የድሮ ድረ ገጾችን በሚያሳየው ዌይባክ ማሽን ገልበጥ አድርገው ይመልከቱ። የቁማር ወይም የማጭበርበሪያ ገጽ የነበረ ስም፣ ቀለም እንደተቀባ የተጋጨ መኪና ነው።

አሁን ወደ ትልልቆቹ ሽያጮች። ፒዛ ዶት ኮም የተመዘገበው በ1994 ነበር፤ በ2008 በጨረታ 2.6 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ፌስቡክ መጀመሪያ በስሙ ፊት "ዘ" የሚል ቅጥያ ነበረው፤ ያቺን "ዘ" ለማስቀረት በ2005 200,000 ዶላር ከፈለ። ማይክሮስትራተጂ የተባለው ኩባንያ ቮይስ ዶት ኮምን በ2019 በ30 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። የሀብስፖት መሥራች ዳርሜሽ ሻህ በ2023 ቻት ዶት ኮምን በ15.5 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ በኋላ ለኦፕንኤአይ አሳለፈው። ኤሎን መስክ ቴስላ ዶት ኮምን ለማግኘት አሥር ዓመትና 11 ሚሊዮን ዶላር እንደፈጀበት ራሱ ጽፏል፤ የኩባንያው ድረ ገጽ እስከዚያ ድረስ የሚጠራው ቴስላ ሞተርስ ዶት ኮም ተብሎ ነበር።

እነዚህን ወሬዎች ሰምቶ ሌሊቱን 50 ስም የመዘገበ ሰው አውቃለሁ። (ከመስታወት ፊት ስቆም በደንብ አየዋለሁ።) አንዱም አልተሸጠም።

ምክንያቱን ሒሳቡ ይነግርዎታል። ነጋዴዎቹ እርስ በርሳቸው ሲያወሩ የሚጠቅሱት ልማዳዊ ግምት፣ ከ100 ስም በዓመት አንድ ወይም ሁለት ቢሸጥ ነው የሚል ነው። 100 ስም በ11 ዶላር ቢያድሱ በዓመት 1,100 ዶላር ይወጣል። ሁለት ስም በ1,500 ዶላር ሸጡ እንበል፤ ገበያው 20 በመቶ ኮሚሽን ቢቆርጥ 2,400 ይደርስዎታል፣ እድሳቱ ሲቀነስ ትርፍዎ 1,300 ነው። አንድ ብቻ በ1,000 ዶላር ከሸጡ ግን 300 ዶላር ከስረዋል። ስለዚህ በ100 የሚጀምር ሰው ቸኩሏል፤ አምስት ስም በቂ ነው።

እንደ ሴዶና አፍተርኒክ ያሉት ገበያዎች የዚህ ዓለም ደላሎች ናቸው። ዋጋ ለመቁረጥ ግን ደላላን መጠየቅ አያስፈልግም። ኔምባዮ በተባለው መዝገብ ቀደም ሲል የተሸጡ ስሞች ከነዋጋቸውና ከነቀናቸው ተዘርዝረዋል። የእርስዎን የሚመስል ስም በስንት እንደሄደ ያያሉ፣ ልብዎም ረጋ ይላል።

ስለ ስሙ አጻጻፍ ደግሞ፦ ፊደል ካፒታል ሆነ አልሆነ ለውጥ የለውም። ክፍት ቦታ አይፈቀድም። ከነጥብ ነጥብ ያለው ቃል ከ63 ፊደል አይበልጥም። ሰረዝ ያለው ስም ይፈቀዳል፣ ገዢው ግን ጥቂት ነው። በስልክ ተናግረውት ሰሚው አንዴ ካልጻፈው ይለፉት፦ ጄፍ ቤዞስ አማዞንን መጀመሪያ "ካዳብራ" ብሎት ነበር፤ ጠበቃው በስልክ ሲሰማው "ሬሳ" የሚል ትርጉም ካለው የእንግሊዝኛ ቃል ጋር ቢያምታታው ተወው።

ብዙ ጀማሪ የሚሰናከልበት የሌላውን ስም መመዝገብ ነው፣ እዚህ ላይ ረጋ እንበል። በ1994 ጆሽዋ ኩዊትነር የተባለ ጋዜጠኛ ማክዶናልድስ ዶት ኮምን ማንም እንዳልያዘው አይቶ በራሱ አስመዘገበና ታሪኩን ዋየርድ መጽሔት ላይ ጻፈው። ኩባንያው ስሙን ያገኘው ለአንድ የኒውዮርክ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር መግዣ 3,500 ዶላር ከለገሰ በኋላ ነው። ያኔ እንደ ቀልድ አለፈ። በ1999 ግን ሁለት ነገር ሆነ፦ አሜሪካ የሌላውን የንግድ ምልክት ለማትረፍ ብሎ የመዘገበ ሰው በአንድ ስም ከ1,000 እስከ 100,000 ዶላር እንዲቀጣ የሚያስችል ሕግ አወጣች፤ የስሞቹን ሥርዓት የሚመራው አይካን ደግሞ ክርክር ያለ ፍርድ ቤት በሽማግሌ የሚያልቅበትን ደንብ አጸደቀ። በዚህ ደንብ ከሳሹ ሦስት ነገር ማስረዳት አለበት፦ ስሙ ከምልክቱ ጋር እንደሚያምታታ፣ የያዘው ሰው በስሙ ላይ እውነተኛ ጥቅም እንደሌለው፣ የያዘውም በክፉ ልብ እንደሆነ። አቤቱታ ማቅረቢያው፣ ጄኔቫ ባለው የዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት በአንድ ዳኛ፣ 1,500 ዶላር ነው። ለትልቅ ኩባንያ የምሳ ዋጋ ማለት ነው።

በዚህ ሸንጎ በ2000 ዘፋኟ ማዶና ማዶና ዶት ኮምን አሸንፋ ወሰደች። በዚያው ዓመት ዘፋኙ ስቲንግ ተሸነፈ። ስቲንግ በእንግሊዝኛ "መንደፍ" የሚል ተራ ቃል ነው፣ ያዡም ቃሉን እንደ ቅጽል ስም ይጠቀምበት ነበር። ተራ የመዝገበ ቃላት ቃል የሚወደድበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በ2003 ማይክ ሮው የተባለ ካናዳዊ ተማሪ በስሙ ላይ "ሶፍት" ጨምሮ ሲመዘግብ ሲጠሩት ማይክሮሶፍትን መሰለ። ኩባንያው 10 ዶላር ሰጠው፣ እሱ 10,000 ጠየቀ፣ ጋዜጦች ጮኹ፤ በመጨረሻ የኤክስቦክስ መጫወቻ ጭምር ተሰጥቶት ታረቁ።

ኒሳን ዶት ኮም ግን የቀልድ አይደለም። ኡዚ ኒሳን የኮምፒውተር ነጋዴ ነበር፤ ኒሳን የቤተሰቡ ስም ነው፤ ዶሜኑን የያዘው በ1994። የመኪናው ኩባንያ በ1999 10 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ጠይቆ ከሰሰው። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ፣ ስሙም በእጁ ቀረ፣ ወጪው ግን አቆሰለው። አሸንፎም ተሸንፏል ብዬ ነው የማስበው።

ያለው ዶት ኮም ብቻ አይደለም፤ አገሮችም በስም መጨረሻ የሚገባ የራሳቸው ኮድ አላቸው። ቱቫሉ በዓለም ካሉት ትንንሽ አገሮች አንዷ ናት፤ የአገር ኮዷ "ቲቪ" ሆነና ተሳካላት። ኮዱን ከማከራየት ባገኘችው ገንዘብ ክፍያውን ሸፍና በ2000 የተባበሩት መንግሥታት አባል ሆነች። የካሪቢያኗ አንጉዪላ ደግሞ ኮዷ "ኤአይ" ነው፤ በ2023 ከዚህ ብቻ 32 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ያህል አገኘች፣ ከመንግሥት ገቢ አንድ አምስተኛ የሚበልጥ። ይህ ቅጥያ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ነው የሚመዘገበው፣ ዋጋውም ከዶት ኮም ብዙ እጥፍ ስለሆነ ለመማሪያ አይሆንም።

የአገር ኮድ የአገር ነው፦ ሊቢያ በ2010 ቪቢ ዶት ኤልዋይ የተባለውን የአገናኝ ማሳጠሪያ ከባለቤቶቹ ወሰደች። ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ስትወጣም በ2021 መጀመሪያ ወደ 80,000 የሚጠጉ የ"ኢዩ" ስሞች ታገዱ። ሶቭየት ኅብረት ግን ከፈረሰች ሠላሳ ዓመት አልፏት "ኤስዩ" የሚለው ኮዷ ይሠራል።

የእኛው "ኢቲ" በ1995 ተሰጠ፤ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። የዶት ኮም መዝጋቢዎች ግን ዶላር የሚከፍል ካርድ ስለሚፈልጉ፣ በአዲስ አበባ ያለ ጀማሪ ብዙ ጊዜ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ ዘመዱን ያስቸግራል። ይከፈልለት፣ ጥሩ ነው። ነገር ግን ስሙ የሚሆነው በመዝገቡ ለተጻፈው ሰው ነውና መለያውም ኢሜይሉም በራስዎ ይሁን። ሽሮ ሜዳ የባህል ልብስ የሚሸጡ አንዲት እናት አውቃለሁ፤ ድረ ገጻቸውን የሠራላቸው ልጅ ዶሜኑን በራሱ ስም አስመዝግቦ ውጭ አገር ሄደ። ገጹ ሲጠፋ "እትዬ፣ ስሙ የማን ነው?" ብዬ ብጠይቃቸው "የኔ ነዋ! ሱቁ ላይ ተጽፎ የለም እንዴ?" አሉኝ። ልጁ እስኪገኝ ሦስት ወር ፈጀ።

በአማርኛ ፊደል የተጻፈ ዶሜን በሥርዓቱ ውስጥ ወደ ላቲን ፊደል ተለውጦ፣ "ኤክስ ኤን" ብሎ በሚጀምር ኮድ እንደሚሄድስ? ችግሩ ከኮዱ ይልቅ ከእኛው ነው። "ፀሐይ"ን በሁለቱ ጸ እና በሦስቱ ሀ ብቻ እያፈራረቁ ቢጽፉ ስድስት ይሆናል፤ ለአንባቢ አንድ ፀሐይ፣ ለማሽን ስድስት ቃል። በላቲን ሲጻፍም ያው ነው፣ አንዱ በ"ቲ ኤስ" ሌላው በ"ኤስ" ይጀምረዋል። የአማርኛ ቃል ለመሸጥ ያሰበ ሰው ሕዝቡ በቴሌግራም ላይ አዘውትሮ እንዴት እንደሚጽፈው ቢመለከት ከቋንቋ መምህር ይልቅ ይጠቅመዋል።

ሽያጩ ሲደርስ ስሙን ቀድሞ መስጠትም ገንዘቡን ቀድሞ መላክም አይመከርም። እንደ ኢስክሮ ዶት ኮም ያለ አደራ ተቀባይ ገንዘቡን ይይዛል፣ ስሙ ገዢው እጅ ሲገባ ለሻጩ ይለቃል። ስሙን ወደ ሌላ መዝጋቢ የሚያሻግረው የማስተላለፊያ ኮድ እንደ ባንክ ምስጢር ቁጥር ይጠበቃል። አዲስ የተመዘገበ ስም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለ60 ቀን ወደ ሌላ መዝጋቢ አይዘዋወርም፤ "ነገ አስረክባለሁ" ብለው ለገዢ ቃል ከመግባትዎ በፊት ቀኑን ይቁጠሩ። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከባዶ አልመጣም። በ1995 አንድ አጭበርባሪ በሐሰተኛ ደብዳቤ ብቻ የጋሪ ክሬመንን ሴክስ ዶት ኮም በስሙ አዛውሮ ነበር። ክሬመን ስሙን ለማስመለስ ዓመታት ተካሰሰ፤ በ2003 የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ዶሜን ሊሰረቅ የሚችል ንብረት ነው ብሎ ወሰነ።

ቤዞስ ካዳብራን ከተወ በኋላ፣ አማዞን የሚለው ከመምጣቱ በፊት፣ ሪለንትለስ የሚል ስም ወድዶ ነበር፤ "የማይታክት" ማለት ነው። ወዳጆቹ ያስፈራል አሉት። ዶሜኑን ግን በ1994 አስመዝግቦታል፣ እድሳቱም እስከ ዛሬ ይከፈላል። ሪለንትለስ ዶት ኮም ብለው ይጻፉና የት እንደሚያደርስዎ ይዩ።